ጎንደር ላይ ሸጋ፣ መተማ ላይ አንኳኪ፦ ሞተር የተቀየረለት ኮሮላ ጉዳይ

መኪናው ኢኢ 90 የሚባለው ኮሮላ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 1.3 ሊትር የካርቡሬተር ሞተር ነበረው። ባለቤቱ በጎንደርና በመተማ መካከል የሚመላለሱ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። የድሮው ሞተር ዘይት እየበላ፣ ጭሱም ከኋላ የሚከተለውን ሁሉ እያስለቀሰ ሲያስቸግራቸው ማሳደሱን ትተው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዙ። የገዙት 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ነው፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ኢግናይተሩ (ብልጭታውን የሚያስነሳው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) እና የሽቦ ጥቅሉ አብረው መጡላቸው። ይህ ቀላል ዕድል አይደለም። ሽቦው ተቆርጦ ለብቻው የመጣ የኢንጀክሽን ሞተር ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ሲከርም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሞተሩን ያስገባው የእኔ ጋራዥ ሳይሆን ከተማችን ጎንደር ውስጥ ያለ ሌላ ጋራዥ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚያሳፍር አልነበረም። የካርቡሬተር መኪና ዝቅተኛ ግፊት ባለው ሜካኒካል ፓምፕ ስለሚሠራ ታንከሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገብቶለታል፤ ትርፉን ቤንዚን የሚመልስ ቱቦም ተዘርግቷል። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪውም ቱቦ ነቅዬ ስለካው 2.8 ባር ገደማ አሳየኝ፤ ሞተሩ የሚፈልገውም በዚያው አካባቢ ነው። የሞተር መያዣዎቹ ብየዳ ንጹሕ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ከድሮው ሞተር እንዳሉ ቀርተዋል፤ ራዲያተሩና ከቤንዚን ፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ካቦ።

ባለቤቱ መኪናውን ሲረከቡ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የጎሃን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣችልኝ ይሉ ነበር። ችግሩ የመጣው ጭነው ወደ ቆላ በወረዱ ጊዜ ነው። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፈው፣ አይከልን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ ጨመረ፤ ገንዳ ውኃ ሳይደርሱ ባለች አነስተኛ ዳገት ላይ ፔዳሉን ረገጥ ሲያደርጉ ሞተሩ ጠጠር የተሞላ ጣሳ እንደሚንቀጠቀጥ ሆኖ አንኳኳ። ገንዳ ውኃ ላይ ያገኙት መካኒክ የዲስትሪቢዩተሩን (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ብሎን አላልቶ ትንሽ አዞረና መልሶ አጠበቀው። ማንኳኳቱ ጠፋ። ጎንደር ሲመለሱ ደግሞ መኪናዋ ሌላ ሆነች፤ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ የጭስ ማውጫው ግለት ከወትሮው በላይ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ መልሶ አዞረላቸው፣ መኪናዋም ነፍስ ዘራች። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ማንኳኳቱ እንደገና ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲነግሩኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሁለቱን ቦታ በዓይናቸው ለይተው ያዙና ባለ 12 ቁልፍ መኪናው ውስጥ አስቀመጡ። ሲወርዱ አይከል ላይ ቆመው ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቆላው ቦታ ያዞራሉ፤ ሲመለሱ እዚያው ቆመው ወደ ደጋው ይመልሱታል። «ልጄ፣ ይህ ሞተር እንደ ከብት ነው፤ ደጋና ቆላ ለየብቻ ካልተያዘ አይሆንለትም» አሉኝ። ነገሩ ያስቃል እንጂ የሞኝ ሥራ አይደለም። ሰውየው ከፍታና ሙቀት በሞተር ላይ ምን እንደሚሠሩ በራሳቸው ደርሰውበታል። የሚነግራቸው ሰው የጠፋው፣ ያንን ሥራ በየሰከንዱ የሚሠራ መሣሪያ በዚያው መኪና ውስጥ እንዳለ ነው።

ጆሮ ለምን አልበቃም

የሁለቱንም መካኒኮች ሥራ አላንቋሽሽም። ጎንደር ውስጥ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ ብልጭታ የሚያስነሳ የድሮ ንክኪ) ባለው ሞተር ያደግን ሁሉ ታይሚንግ፣ ማለትም ብልጭታው መቼ እንደሚለኮስ ማስተካከልን፣ የተማርነው በጆሮ ነው። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ታስነሣለህ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ድምፁ እስኪያምርና ዙሩ ከፍ እስኪል ታዞራለህ፣ ከዚያ ለጥቂት መልሰህ ታጠብቃለህ። ዳገት ላይ ወስደህ ታየዋለህ፤ ካንኳኳ ትንሽ ትቀንሳለህ። ብዙ ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ የፋብሪካው መመሪያ ከሚለው ይቀድማል፤ ይህም ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 78 ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ያነሰ አየርና ቤንዚን ደግሞ ቀስ ብሎ ይነዳል። ቀስ ብሎ የሚነድ ነገር ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት። አሮጌዎቹ መካኒኮች ይህን በቁጥር ሳይሆን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

በፑንቲናው ሞተር ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ዙር ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድሙ ክብደቶችና በቫኪውም የሚሳብ ሳህን አሉ። በዚህ ሞተር ውስጥ እነዚያ የሉም። ዲስትሪቢዩተሩ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት የት እንደደረሱ ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፣ ኃይሉንም ለካንዴላዎቹ በየተራ ያከፋፍላል፤ በዚህ ያበቃል። መቼ ይለኮስ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ዙሩን ለማረጋጋት ብልጭታውን ወደፊትና ወደኋላ ያነቃንቃል። እንግዲህ አንድ ሰው ዲስትሪቢዩተሩን እያዞረ በጆሮው ሊያስተካክል ሲሞክር፣ ኮምፒውተሩም በበኩሉ እያስተካከለ ነው። ሁለት ሰው አንዱን መሪ እንደያዘ ማለት ነው፤ ድምፁ ስላማረ ብቻ መኪናው ወዴት እንደዞረ አይታወቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒውተሩን ጸጥ ማድረግ ነው። ቶዮታ ለዚህ ሞተር ያዘጋጀው መንገድ ግልጽ ነው። ሞተሩ አጠገብ ያለችውን የምርመራ ሳጥን ከፍቶ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት። ያኔ ኮምፒውተሩ የራሱን ጭማሪ ትቶ ብልጭታውን በመነሻው ቦታ ይይዛል፤ ያ መነሻ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ በፊት መሆን አለበት። ይህን ሽቦ ከእኔ በፊት ማንም አላገናኘም ነበር።

ሽቦው ተገናኝቶም ያልቆመው ምልክት

መኪናው የመጣልኝ ዲስትሪቢዩተሩ በቆላው ቦታ ላይ እንዳለ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቄ፣ የታይሚንግ መብራቱን በአንደኛው ካንዴላ ገመድ ላይ ሰካሁ። ሚኒሞው ከፍ ብሎ 1100 ዙር አካባቢ ነበር። ቲኢ1ን ከኢ1 አገናኘሁ። በፑሊው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው የቺንጊያ መዘውር) ላይ ያለው ምልክት በአንድ ቦታ ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ እየተመላለሰ ቀጠለ። ሽቦውን ብነቅለውም ብሰካውም ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ሌላ ኮምፒውተር ፍለጋም ይጀመራል። ኮምፒውተሩ ግን የመነሻውን ቦታ የሚይዘው አንድ ሌላ ነገር ሲሟላ ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን እንዳልረገጠ ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግረው ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር መክፈቻ ዘንግ ላይ ያለው ሴንሰር ነው፤ መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ በውስጡ ያለች ትንሽ ንክኪ ትገናኛለች።

ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ፣ ሽቦው እንደተገናኘ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱን ቆጠርኩ። አምስት ጊዜ በራ፣ ቆየት ብሎ አንድ ጊዜ፤ 51 ማለት ነው። ይህ ቁጥር የመኪናው ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ሲሠራ ወይም የፔዳሉ ንክኪ ክፍት ሲሆን ይመጣል። መኪናው ኤሲ የለውም። ስለዚህ ወደ አየር መክፈቻው ሄድኩ። የድሮው ሞተር ካቦ ለአዲሱ አጠር ይላል፤ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ተጎትቶ ታስሯል፣ መክፈቻውም በጣት ሲነካ የሚታወቅ ክፍተት አለው። ፔዳሉን ማንም ሳይረግጠው ሞተሩ ሁልጊዜ በትንሹ የተረገጠ ነበር። በቴስተር የሴንሰሩን ንክኪ ለካሁ፤ ክፍት ነው። ካቦውን ከማሰሪያው ሳላቅቀው ወዲያውኑ ተገናኘ። ከመክፈቻው ጋር የሚገጥም ካቦ ከተማ ውስጥ ተፈልጎ ተገኘና ተቀየረ፤ ትንሽ ልል ሆኖ እንዲታሰርም አደረግሁ። ሚኒሞው በራሱ ወደ 800 ወረደ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ይህ የተመዘገበ ጉድለት የለም ማለት ነው።

አሁን የታይሚንግ መብራቱን ስይዝ ምልክቱ ቆመ። 3 ዲግሪ። የገንዳ ውኃው ቦታ ይህ ነበር፤ ከሚፈለገው 7 ዲግሪ የዘገየ። የደጋውን ቦታ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሮንዴላው ብዙ ጊዜ የተጠበቀበት ቦታ አልሙኒየሙ ላይ የሚያበራ ቀለበት ትቷል። ወደዚያ አዞርኩት፤ 19 ዲግሪ። በሁለቱ መካከል 16 ዲግሪ ልዩነት አለ። ዲስትሪቢዩተሩ በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ይህ በእጅ 8 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በጠርዙ ላይ ሲለካ ከግማሽ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው በእጅ ስሜትና በጆሮ የሚደረግ ሥራ እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ።

ምልክቱን ማመን ይቻላል ወይ?

ከሌላ መኪና በወጣ ሞተር ላይ ይህን ጥያቄ መዝለል አይገባም። ሶማሌ ተራ የሚደርስ ሞተር ፑሊውም የቺንጊያ ሽፋኑም የራሱ ላይሆን ይችላል። ፑሊ ሲቀየር ቁርጡ ሌላ ቦታ ይውላል፤ መሐሉ ጎማ ያለው ፑሊ ደግሞ ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ከመሐሉ ተላቆ ይንሸራተታል። ያኔ መብራቱ 10 ሲል እውነቱ 4 ወይም 17 ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላ ሰብሬ አውጥቼ በቦታው ጫፉ የተድበለበለ ብሎን የበየድኩበት መሣሪያ አለኝ። ባትሪው ተነቅሎ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ መሣሪያው በአንደኛው ሲሊንደር ይገባል። ክራንክ ሻፍቱን በእጅ፣ በቁልፍ፣ ቀስ ብዬ ፒስተኑ ብሎኑን እስኪነካ አዞርኩና ፑሊው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ወደ ሌላው አቅጣጫም እንዲሁ እስኪነካ አዞርኩና ሌላ ምልክት። የሁለቱ ትክክለኛ መሐል የፒስተኑ ጫፍ ነው። በስታርተር ይህን መሞከር ፒስተን መብሳት ነው፤ በእጅ ብቻ። የፑሊው የራሱ ቁርጥ ከጠመኔው መሐል ጋር ገጠመ፤ የሚለያይ ቢሆን እንኳን ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ 3ም 19ኝም እውነተኛ ቁጥሮች ነበሩ።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ አየኋቸው። የሁለቱ ነጭ ሸክላ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩ፤ የማንኳኳት አሻራ ነው፣ ሲቆይ ፒስተን ይበላል። ስለዚህ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካሁ። ከመመሪያው ቁጥር በአንድ አምስተኛ ያህል አነሰ፣ አራቱም ግን እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ናቸው። ባለቤቱ ደነገጡ። እኔ አልደነገጥኩም፤ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፣ ከ2100 ሜትር በላይ ደግሞ የአየሩ አንድ አምስተኛ ያህል አስቀድሞ የለም። ጎንደር ውስጥ በዚህ ቁጥር ብቻ ተፈርዶባቸው ያለ ጥፋታቸው የተፈቱ ሞተሮች አሉ። መታየት ያለበት የአራቱ ልዩነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሁሉም ተመልሶ ተገጠመ፣ ሞተሩ ሞቀ፣ ሽቦው ተገናኘ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ምልክቱ 10 ላይ እስኪያርፍ ዞረ። ብሎኑን ካጠበቅሁ በኋላ እንደገና አየሁት፣ ምክንያቱም ሲጠብቅ አንድ ሁለት ዲግሪ መሸሽ ልማዱ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ያረፈው በቀዳዳው መሐል አካባቢ መሆኑም ደስ አሰኘኝ። 10ን ለማግኘት እስከ ቀዳዳው ጫፍ ማዞር ቢያስፈልግ ኖሮ የታይሚንግ ቺንጊያው በጥርስ ተዛብቷል ብዬ እጠረጥር ነበር፤ በክራንክ ማርሹ ላይ አንድ ጥርስ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው፣ ያንን በዲስትሪቢዩተር መሸፈን ብልጭታውን ያስተካክል ይሆናል እንጂ ቫልቮቹን አያስተካክልም። ሽቦውን ነቀልኩ፤ ምልክቱ ወዲያው ወደፊት ሄዶ መመላለስ ጀመረ። ይህ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፤ እሱን አይቶ እንደገና ብሎን ማላላት አያስፈልግም።

«ለጎንደር ትንሽ ጨምርልኝ»

ባለቤቱ ከተማውን ዞር ዞር ብለው ሲመለሱ ግማሽ ልባቸው ብቻ ነው የተደሰተው። ከቆላው ቦታ እጅግ ይሻላል፤ ከ19ኙ ጋር ሲተያይ ግን ከሥር ስትነሳ ያቺ ግፊት የለችም አሉኝ። «ለጎንደር ትንሽ ጨምርልኝ፤ ስወርድ እኔ እቀንሳለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይከል ላይ ቆመው የሚሠሩትን ሥራ መኪናው ራሱ ይሠራዋል» አልኳቸው። ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ወደ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን የምትሄደውን ቀጭን የቫኪውም ቱቦ አሳየኋቸው። ሳጥኗ በማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት የምትለካ ሴንሰር ናት። ኮምፒውተሩ ብልጭታውን የሚወስነው በዋናነት ከዚህ ግፊትና ከሞተሩ ዙር ነው። ጎንደር ላይ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ቢረገጥ ሴንሰሯ ከ78 ኪሎፓስካል በላይ አታይም፤ ለኮምፒውተሩ ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ በከፊል እንደተረገጠ ሞተር ነው፣ ስለዚህ ብልጭታውን አስቀድሞ ይሰጣል። መተማ ከባሕር ጠለል ወደ 700 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ሙሉ ሲረገጥ ግፊቱ ወደ 93 ይጠጋል፤ ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ ብልጭታውን ያዘገያል።

ዲስትሪቢዩተሩ 19 ላይ ሲታሰር ግን ኮምፒውተሩ አያውቅም። መነሻው 10 እንደሆነ አምኖ የራሱን ጭማሪ ይደምራል፤ 9ኙ ዲግሪ ትርፍ በእያንዳንዱ ዙርና በእያንዳንዱ ጭነት ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትርፉ አይሰማም፣ እንዲያውም ሞቅ ያለ ጉልበት ይመስላል። ቆላ ሲወርድ፣ ወፍራም አየር፣ ሙቀትና የሰሊጥ ጆንያ ሲደመሩበት ይጋለጣል። ይህ ሞተር ማንኳኳትን ሰምቶ ብልጭታውን የሚያዘገይ ሴንሰርም የለውም። በ3 ዲግሪው ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቃጠሎው ይዘገያል፣ ፒስተኑን መግፋት የነበረበት ሙቀት ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ቤንዚኑም አብሮ።

የቫኪውም ቱቦዋን ጫፍ ስመለከተው ደርቆ ተሰንጥቋል። አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ሴንሰሯን ያታልላል፤ ግፊቱ ከእውነቱ ከፍ ያለ ይመስላታል፣ ኮምፒውተሩም ብልጭታውን አዘግይቶ ቤንዚን ይጨምራል። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ ሰካሁት። ባለቤቱ የናፈቋት ግፊት ግማሿ ከዚህች ቱቦ ጋር ተመለሰች። ስለዚህች ሴንሰር አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ ቮልቴጇ ሲለካ እዚህ ከፍታ ላይ በመመሪያው ካለው የባሕር ጠለል ቁጥር ዝቅ ይላል። ደህና የሆነች ሴንሰር በዚህ ምክንያት ብቻ እንድትጣል አላደርግም፤ ዋጋዋ ቀላል አይደለም።

የዲስትሪቢዩተሩን ጠርዝና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር በመርፌ ጫርኩ። አጠገቡም በነጭ ቀለም «10 - ሽቦ ተገናኝቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገንዳ ውኃም ይሁን ሌላ ቦታ የሚከፍተው መካኒክ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።

ባለቤቱ ከመተማ ዮሐንስ ደወሉ። ቀትር ላይ፣ ጭነው፣ ያቺን አስቸጋሪ ዳገት ሆን ብለው በከፍተኛ ማርሽ ሞክረዋታል፤ አላንኳኳችም። በመልሱ ጉዞ ግን ወደ አይከል የሚያስወጣው ረጅሙ ዳገት ላይ የሙቀት ማሳያው ከመሐል አልፏል። ይህ ከታይሚንግ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ራዲያተሩ የ1.3ቱ ሞተር ነው፣ የ1.6ቱን ሙቀት ለረጅም ጊዜ መሸከም አይችልም። የሚተካውን አግኝተንለታል፤ እሳቸው ሰሊጡ እስኪሸጥ ይቆየኝ ብለዋል። እስከዚያ ዳገቱን ማለዳ ሳይሞቅ እንዲወጡት፣ ማሳያው ከመሐል ካለፈ ደግሞ ዳር ይዘው እንዲያበርዱት ተስማምተናል።